በአንድ ዓይን የተመረጡ መጻሕፍት

መምህር ይርጋ ባለፈው ሳምንት ጠሩኝና፣ «ለማ፣ ለትምህርት ቤታችን የመጽሐፍ መደርደሪያ ተሠርቷል። የትኛው መጽሐፍ ለየትኛው ዕድሜ እንደሚስማማ አንተ ጻፍልን» አሉኝ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ወዲያው ግን አፈርኩ። ከእኔ ይልቅ ብዙ ያነበቡ ተማሪዎች አሉ። እኔ ገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ የዓመቱንም እኩሌታ ያሳለፍኩት ዓይኔን ታምሜ ነው። ይህንን ስነግራቸው፣ «የመረጥኩህ ለዚሁ ነው» አሉ። ስለዚህ መጻሕፍቱን ከመዘርዘሬ በፊት ሕመሜን መናገር ግድ ሆነብኝ። ዓይኑን የሚያመው ተማሪ ካለ እንደ እኔ እንዳይሳሳት ይረዳው ይሆናል።

የተወለድኩት ደራ ነው። ንባብ የተማርኩትም እዚያው ቤተ ክርስቲያን፣ ከየኔታ ዘንድ ነው። አምና አባቴ በቅሎ ላይ አፈናጥጠው አዳማ አመጡኝና ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ከምትኖረው እህታቸው ከእታለም ቤት አስቀመጡኝ። አዲሱ ትምህርት ቤት በተከፈተ በሁለተኛው ወር ገባሁ።

ዓይኔ ማሳከክ የጀመረው በበጋው አቧራ ጊዜ ነው። ጠዋት ስነሳ ዓይናር አጣብቆት በውሃ አርሼ እከፍተዋለሁ። አሸዋ የገባበት ይመስል ይቆረቁረኛል፤ ፀሐይ ሳይ እንባዬ ይወርዳል። እታለም መጀመሪያ፣ «የባቡሩ ጭስ ነው» አለች። እኔም አመንኩ፤ መንደሩ ሁሉ ዓይኑን ሲያሽ ነው የሚውለው። ሁለት ወር ቆይቶ ሽፋሽፍቴ ወደ ውስጥ እየታጠፈ ብሌኔን ይወጋኝ ጀመር። እታለም አንገቷ ላይ ባለው ወረንጦ ፀጉሩን ነቀለችልኝ፤ ለሦስት ቀን ታምር ሆነልኝ። ከዚያ ፀጉሩ አጭርና ጠንካራ ሆኖ ሲበቅል ከፊተኛው ባሰ።

በዚህ ጊዜ መጽሐፍ ላይ ያለው ፊደል ለእኔ ግራጫ ጭረት ብቻ ሆኖ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ትምህርት ቤቱ የማያይ ልጅ አያስቀምጥም ብዬ ፈራሁ፤ ደራ ተመልሼ «ከተማው አልሆነለትም» መባልንም ፈራሁ። ደግሞ መደበቅ ቀላል ነበር። ጠዋት ጠዋት አንድ ተማሪ ቆሞ ከጸሎት መጽሐፍ ያነባል፤ እኔ ያንን ከየኔታ ዘንድ በቃሌ አጥንቼዋለሁ። መጽሐፉን ገልጬ እይዝና ዓይኔን ከላይ ወደ ታች እያንቀሳቀስኩ በቃሌ አወርደዋለሁ። መምህር ይርጋ፣ «ንባብ ማለት ይህ ነው!» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን መጽሐፉን ዘቅዝቄ ይዤው ኖሯል። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

«መምህር፣ ተገልብጧል! መጽሐፉን ገልብጦ ይዞታል!» አለ ከፊት ያለው ልጅ።

መምህር ይርጋም የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ነበሩና እኔን ሳይሆን እርሱን ተቆጡት። «ምን ያስቅሃል? እኛ ለስድስት አንድ መጽሐፍ ይዘን ዙሪያውን ነበር የምንቀመጠው። ከየኔታ ፊት ለፊት የደረሰው ልጅ ንባብን የሚለምደው ተገልብጦ ነው። አንተ አቅንተህም አላነበብከው!»

እኔም፣ «አዎን መምህር፣ የእኔ ቦታ ከየኔታ ፊት ለፊት ነበር» አልኩ። ነገሩ እውነት ነው፤ እውነት ተናግሬ የዋሸሁት ያን ቀን ነው።

የተያዝኩት ከአዲስ አበባ ማተሚያ ቤት አዲስ መጽሐፍ በባቡር የመጣ ዕለት ነው። ሐዲዱ ከመዘርጋቱ በፊት በበቅሎ እስከ ባሕር ወርዶ፣ በመርከብ ተሻግሮ የተመለሰ ሰው የጻፈው የጉዞ መጽሐፍ ነው። መምህር ይርጋ የተጣበቁትን ገጾች በቢላዋ እየለዩ፣ «እንግዲህ ለማ ያስጀምረን» አሉ። ተነሣሁ። የቀለሙ ሽታ ብቻ ነው የደረሰኝ። መጽሐፍ ሁሉ በምስጋና ይጀምራል ብዬ፣ «በፈጣሪ ቸርነት ከአገሬ ተነሥቼ በሰላም ለተመለስኩት ለእኔ...» እያልኩ ሦስት አራት መስመር ያህል ከራሴ አወጣሁ።  መምህር ቀረብ ብለው አዩና መጽሐፉን ከእጄ ወሰዱ።

«ለማ፣» አሉ ዝግ ብለው፣ «ይህ ገጽ ጽሑፍ የለውም። የመርከብ ሥዕል ነው።»

ልጆቹ ሊስቁ ጀምረው የመምህርን ፊት ሲያዩ ተዉት።

ያን የጉዞ መጽሐፍ ዛሬ ከአሥር እስከ አሥራ አራት ዓመት ለሆነው ልጅ ሁሉ እመክራለሁ። ቂም አልያዝኩበትም። ሰውየው የረሳውን «ረሳሁት» ይላል፤ የፈራበትንም ቦታ አይደብቅም። ይህንን ቀድሜ አንብቤው ቢሆን ኖሮ ምናልባት እኔም ቶሎ እናገር ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው መከራ የምክር ብዛት ነው። እታለም፣ «ይኼ የታተመ ነገር ነው የመታው፤ በብረት የተጨፈለቀ ፊደል ዓይን ይጨፈልቃል» ብላ ደብተሬን ሳይቀር ሣጥን ውስጥ ቆለፈችው። ጠበል ወሰደችኝ፤ ጠበሉ ቀዝቃዛ ስለነበር ማቃጠሉን አበረደልኝ፤ ሽፋሽፍቱ ግን ያው ነው። ከሻሸመኔ መንገድ አንድ አዋቂ ተጠርቶ የቅጠል ጭማቂ ጠብ አደረገብኝ። ሁለት ቀን ስጮህ ዋልኩ፤ የግራ ዓይኔ ላይ ነጭ ነገር ጣለብኝ። እታለም ያን ጊዜ ደነገጠችና እያለቀሰች መምህር ይርጋን ጠራቻቸው።

እርሳቸው ወደ ሐኪሙ ወሰዱኝ። ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ነው፤ ሐሙስ ሐሙስ በባቡር መጥቶ ጣቢያው አጠገብ ባለች ባለ ቆርቆሮ ክፍል በሽተኛ ያያል። የዓይኔን ቆብ በክብሪት እንጨት ገልብጦ አየና በአስተርጓሚው በአቶ በቀለ አፍ እንዲህ አለ፦ «ይህ እናንተ ማዝ የምትሉት ነው። ከቆቡ ሥር ትንንሽ ፍሬ ያወጣል፤ ፍሬው ሲደርቅ ቆቡን ጎትቶ ፀጉሩን ወደ ውስጥ ያጥፈዋል። መጽሐፍ አላመጣውም። ከሰው ወደ ሰው የሚሄደው በዝንብና በአንድ ነጠላ ጫፍ ፊት በመጥረግ ነው። ፊትህን በየቀኑ ታጠብ፤ ፎጣህን ለብቻህ አድርግ።»

«ማንበብ እችላለሁ ወይ?» አልኩ።

አቶ በቀለ ጠየቀልኝ። «በግራው ተስፋ አታድርግ ይላል። ቀኙን ለማትረፍ ግን በየሐሙሱ መቅረት የለብህም። በመጨረሻ ቆቡን በትንሽ ቀዶ ጥገና ወደ ውጭ ይመልሰዋል። እስከዚያ አንዲት ፊደል እንኳ እንዳታነብ።»

በየሐሙሱ ሰማያዊ ድንጋይ ነበር የሚያሹኝ። እንደ እርሳስ የተሳለች ትንሽ ድንጋይ ናት፤ በተገለበጠው ቆብ ላይ ሲያሽዋት ዓይን ብቻ አይደለም ጥርስም ያማል። ግን ከድንጋዩ የከፋው መጠበቁ ነው። ባቡሩ አንዳንዴ ረፋዱ ላይ፣ አንዳንዴ አሥር ሰዓት ላይ ይደርሳል። እኛ ከክፍሏ ውጭ ባለው ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ ዓይናችንን በጨርቅ ሸፍነን፣ ማን አጠገባችን እንዳለ በድምፅ ብቻ እየለየን እንቀመጣለን። ስለ ነገ ማሰብ የሚከብደው እዚያ ነው።

በሁለተኛው ሐሙስ መምህር ይርጋ አንድ ከረጢት መጻሕፍት አምጥተው ጭኔ ላይ አኖሩ።

«እኔ ማንበብ ተከልክያለሁ» አልኳቸው።

«አንተ አታንብብ። የሚያይ ሰው ፈልግ» ብለው ወደ ክፍላቸው ሄዱ።

በስተቀኜ የተቀመጡት ሰውዬ ከረጢቱን ዳበሱ። ሐጂ እንድሪስ ነበሩ፤ ከወሎ መጥተው እዚህ ጨውና አቡጀዲ የሚነግዱ። የግራ ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል፤ ሐኪሙ ሞራውን እስኪያወጣላቸው በቀኛቸው ብቻ ነው የሚያዩት።

«እኔ በደጉ ጊዜ ፊደል ቆጥሬያለሁ» አሉ። «አንድ ዓይን ለሁለት ሰው ይበቃል። የቱን ላንሣ?»

«ቀጭኑን ያንሱ ሐጂ።»

ቀጭኑ የእንስሳት ተረት ነበር፣ ፊደሉ ትልልቅ፣ ሥዕልም ያለበት። ሐጂ የሚያነቡት እንደ ገብስ አንድ በአንድ እየለቀሙ ነው። እኔ ቃሉን በጆሮዬ እገምትና እቀድማቸዋለሁ።

«አንተ ልጅ፣ ታያለህ እንዴ? ሐኪሙን ታታልላለህ?»

«በጆሮዬ ነው ሐጂ።»

«እንግዲያውስ ጆሮህን ዝጋ፤ ማንበብ ተከልክለሃል!»

ከወንበሩ ጫፍ ሳቅ ሰማን። ጫልቱ የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ ከእናቷ ጋር ከሞጆ መንገድ መጥታ ነበር፤ አማርኛ ብዙም አትሰማም። ሐጂ እያንዳንዱን ገጽ በአማርኛ አንብበው በኦሮምኛ ይደግሙላት ጀመር። ጅብ በመጣ ቁጥር፣ «ወራቤሳ! ወራቤሳ!» ብላ ትጮሃለች፤ ከዚያ ሁላችንም ጅብ የምንልበትን ቦታ ለእሷ ትተን እንጠብቃለን። ያን ቀን ድንጋዩን ስትታሽ አላለቀሰችም፤ እናቷ እንዳለችው ጅቡ ያመልጥ እንደሆነ ለማወቅ ቸኩላ ነው። ስለዚህ ማንበብ ለማይችል ሕፃን ይህን የተረት መጽሐፍ ስጡ፤ ደግሞ ከሕፃኑ ጋር አንድ የሚያነብ ሽማግሌ ስጡ።

ሁሉም መጽሐፍ ለበሽተኛ አይሆንም። ከረጢቱ ውስጥ የደብዳቤ አጻጻፍ መምሪያ ነበር። ለጸሐፊነት ለሚዘጋጅ ተማሪ ጥሩ ነው፤ ለማን «ይድረስ» እንደሚባል፣ ለማን «እንዴት ሰነበትክ» ብቻ እንደሚበቃ ያስተምራል። ሐጂ ግን ሁለት ገጽ ሙሉ ሰላምታ ካነበቡ በኋላ፣ «ይሄ ሰው ጉዳዩን ሳይናገር ባቡሩ ይደርሳል» ብለው ዘጉት። የቅዱሳንን ገድል ሲያነቡልን ደግሞ ወንበሩ ላይ ያሉት አሮጊቶች ግድግዳውን ይደገፉና ይረጋጋሉ፤ ሐጂ የሌላ ሃይማኖት መጽሐፍ ነው ብለው አልዘለሉትም፣ ድምፃቸውንም አላሳነሱም። ቀጥለው በገዛ እጃቸው የጻፉትን መንዙማ ከኪሳቸው አውጥተው ሲያዜሙ የአሮጊቶቹ ትንፋሽ እንደዚያው የተረጋጋ ነበር። ዕድሜው ለገፋ ሰው ዜማ ያለውን መጽሐፍ ምረጡ፤ ቢያመልጠው እንኳ ዜማው ይይዝለታል።

በአምስተኛው ሐሙስ አባቴ ከደራ መጡ። እታለም ልካባቸው ነው። ወንበሩ ፊት ቆመው፣ «ተነሣ» አሉኝ። «በግራው ካላየህ ምን ትሠራለህ? እርሻ በአንድ ዓይንም ይታረሳል። ይቺ ነገር በመጽሐፍ መጣች፣ በመጽሐፍ አትድንም።»

«አባዬ፣ ቀዶ ጥገናው ሦስት ሐሙስ ነው የቀረው።»

«በሦስት ሐሙስ ቀኙንም ቢያበላሸውስ?»

 እኔም የምፈራው እሱኑ ነው። ሐጂ ግን በዚያን ጊዜ ስለ ጋማ ከብትና ስለ ከብት ሕመም የተጻፈውን መጽሐፍ እያነበቡ ነበር፤ ጭራሽ አላቋረጡም። «በቅሎ ጀርባዋ በገጣባ ሲቆስል...» ብለው ቀጠሉ። «ቁስሉን ለብ ባለ የጨው ውሃ አጥቦ፣ ኮርቻውን ለሁለት ሳምንት...»

አባቴ ዘወር አሉ። «ሁለት ሳምንት? ይሄ ሰውዬ በቅሎ አይቶ አያውቅም! ገጣባ ወር ይፈልጋል!»

«ወንድሜ፣ መጽሐፉን ነው የሚከራከሩት ወይስ እኔን?» አሉ ሐጂ።

«የጻፈውን ነው! ቀጥሎ ምን ይላል?»

«ቀጥሎ ደግሞ ከኮርቻው ሥር ያለውን ድርብ ጨርቅ ቁስሉ ባለበት ቦታ ቅደዱት ይላል።»

 ወንበሩ ዝቅ ሲል ተሰማኝ፤ አባቴ አጠገቤ ተቀመጡ። «እሱስ እውነት ነው» አሉ። «እሱን አላሰብኩትም። ጨዉ ግን ስንት ነው የሚጨመር?»

«ጨዉን እኔ እሸጥልዎታለሁ» አሉ ሐጂ፤ ወንበሩ ሁሉ ሳቀ።

አባቴ ያን ዕለት አልወሰዱኝም። ባቡሩ ደርሶ ሐኪሙ ሲጠራኝ አብረውኝ ገቡ፤ ድንጋዩ ሲያቃጥለኝ እጄን ያዙኝ።  ሲወጡ አቶ በቀለን፣ «ቀዶ ጥገናው የሚሠራበትን ቀን ንገረኝ፤ እመጣለሁ» አሉት። ገበሬ ለሆነ ሰው፣ በተለይ በመጻሕፍት ለማያምን ገበሬ፣ ያንን የከብት መጽሐፍ አንብቡለት። የሚከራከርበት ነገር ካገኘ ይቀመጣል።

ቀዶ ጥገናው አጭር ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ሁለቱም ዓይኔ ለሁለት ሳምንት በፋሻ ታሰረ። ቀንና ሌሊት አንድ ሆኑ። በዚያ ጨለማ ውስጥ ስለ ራሴ ባሰብኩ ቁጥር እፈራለሁ። ያዳነኝ ሐጂ ከቀዶ ጥገናው በፊት ወንበሩ ላይ የጀመሩልን ልብ ወለድ ታሪክ ነው። በአባታቸው ርስት የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾች አሉ። አንድ የውሃ ጉድጓድ ለሁለት ሊካፈሉ አልቻሉምና በአፉ መሐል ላይ አጥር ያጥራሉ፤ እያንዳንዱ በየጎኑ ይቀዳል፣ አንዱ የሌላውን ገመድ ይሰልላል። እኛ ወንበሩ ላይ ያለን ለሁለት ተከፍለን ነበር፤ እኔን አጅባ የምትመጣው እታለም የታላቁ ወገን፣ ሐጂ የታናሹ። ታላቁ ወንድም ጉድጓዱ ውስጥ ወደቀ። የእሱ ገመድ አጭር ነው። ረጅሙ ገመድ በታናሹ እጅ ነው። ታናሹም ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ወደ ታች ያያል። እዚያ ላይ ባቡሩ ደረሰ፣ መጽሐፉም ተዘጋ። በማግስቱ ሐጂ ለንግድ ወደ ሻሸመኔ ሄዱ፤ ወንበሩ ላይ ሌላ ማንበብ የሚችል ሰው አልነበረም።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ያንን ሰውዬ ጉድጓድ ውስጥ ትቼው ተኛሁ። እታለም ሾርባ ስታጠጣኝ እንኳ፣ «ይጥልለታል መሰለህ?» ትለኛለች። መጽሐፍ ቆልፋ የነበረችው እታለም! «እኔ ብሆን እጥልለታለሁ፤ ግን አስለምኜው ነው» አለች። እኔ ስለ ዓይኔ ማሰቡን ትቼ ከእሷ ጋር ስለ ገመዱ ስከራከር ሰነበትኩ።

ፋሻው የተፈታው ሐሙስ ቀን ነው። ባቡሩ በጊዜ ደርሶ ነበር። ሐኪሙ መስኮቱን በጨርቅ ጋርዶ ፋሻውን ዝግ ብሎ አወለቀ። ግራው እንደ ጭጋግ ነው። በቀኙ መጀመሪያ ያየሁት የአባቴን ጺም ነው፤ ብዙ ጊዜ ሳላየው ስለቆየሁ የሸበተ መሰለኝ። አቶ በቀለ፣ «የሚነበብ ነገር ይዘሃል ወይ? ሊፈትንህ ነው» አለኝ። እታለም ከነጠላዋ ሥር የወንድማማቾቹን መጽሐፍ አወጣች።

ወደ ውጭ፣ ወደ ጥላው አወጡኝ። ወንበሩ ሞልቷል፤ ጫልቱም እናቷ ጭን ላይ ነበረች። ሐጂ ከሻሸመኔ ተመልሰው ጠብቀውናል። ምልክት የተደረገበትን ገጽ ገለጥኩ። ይህን ገጽ በቃሌ አላውቀውም፤ ማንም አላስጠናኝም። ፊደሎቹ መጀመሪያ ተንቀጠቀጡ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ቆሙ። «ታናሹም ገመዱን...» ብዬ አነበብኩ።  ሐኪሙ እጁን አንሥቶ አንድ ነገር ተናገረ።

«በቃ፣ አለፈ ይላል» አለ አቶ በቀለ። «ዓይንህ እንዳይደክም መጽሐፉን ዝጋ። ከዛሬ ጀምሮ በቀን አንድ ሰዓት ብቻ፣ በብርሃን።»

«ምን ይዘጋል!» አሉ ሐጂ። «ገመዱን ምን አደረገው?»

«አንብብ እንጂ!» አሉ አሮጊቶቹ። አባቴም ከኋላዬ፣ «እህ፣ ቀጥል፣ ሰውዬው ውሃ ውስጥ ነው!» አሉ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ለማ አየ ብሎ የተደነቀ አንድም አልነበረም። ሐኪሙ አቶ በቀለን ምን እንደሚሉ ጠየቀው፤ አቶ በቀለ ታሪኩን ከመጀመሪያው ሲያስረዳው ቆየ። ሐኪሙ ኮፍያውን አወለቀና ጫልቱ አጠገብ ተቀመጠ። በእጁም «ቀጥል» አለኝ።

አሁን በቀን አንድ ሰዓት አነባለሁ። ሰዓቴ አጭር ስለሆነ የማይረባ መጽሐፍ አላነብም፤ ይህም ዝርዝር የተመረጠው በዚሁ መንገድ ነው። ዓይኑን የሚቆረቁረው ተማሪ ካለ ዛሬውኑ ለመምህር ይንገር፤ መጽሐፍ የትም አይሄድም። ታናሹ ወንድም ገመዱን ምን እንዳደረገው ግን አልጽፍም። መጽሐፉ ከሁለተኛው ረድፍ፣ በስተግራ ጫፍ ላይ ነው፤ ጀርባው ላይ የእታለም ሾርባ ነጠብጣብ አለበት።